«አብረው ካደጉ ይላመዳሉ» ብሎ ሲክሊድ ከሚሸጥላችሁ ተጠንቀቁ

ይሄን የምጽፈው አኳሪየም ለመጀመር አስባችሁ «የቅልቅል ሲክሊድ ጥቅል» የሚባል ነገር ዓይናችሁ ውስጥ ለገባ ሰዎች ነው። የመስታወት ገንዳ፣ ፊልተር፣ ማሞቂያ፣ መብራት፣ በዚያ ላይ ሲክሊድ የሚባሉ 10 የሚያማምሩ ትንንሽ ዓሦች፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። እኔ ገዝቼዋለሁ። ከ10ሩ ዛሬ ቤቴ ያለው አንድ ነው።

ገንዳው 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋት፣ 30 ከፍታ አለው። እስከ አፉ ቢሞላ 54 ሊትር ነው። ዓሦቹ ሲመጡ አውራ ጣት አያክሉም ነበር። «አይበዙም?» ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ ሳቅ ብሎ፣ «ዓሣ በገንዳው ልክ ነው የሚያድገው። ደግሞ ከልጅነታቸው አብረው ካደጉ ይላመዳሉ» አለኝ። ሁለቱም ውሸት ነው። ዓሣ ጠባብ ቦታ ሲኖር የሚቀጭጨው ስለተጎዳ ነው፣ ቦታው ስለበቃው አይደለም። መላመዱን ደግሞ ቆዩኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሰላም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቀድሜ የማሳየው እነሱን ነው። ሲክሊድ ልጅ እያለ ጠቡ ያን ያህል አይከፋም። ጣጣው የሚመጣው ለመራባት ሲደርስ ነው። ያኔ ወንዱ አንድ ድንጋይ ይመርጣል፣ ዙሪያውን የራሱ ያደርጋል፣ በዚያ ያለፈውን ሁሉ ይነክሳል። የሻጩ ዋስትና ስንት ቀን ነበር መሰላችሁ? 7 ቀን! ጠብ በሌለበት ሳምንት የሚሠራ ዋስትና። ወረቀቱን ቆይቼ ሳነበው ደግሞ ዓሣ ዓሣን ከጎዳው እንደማይመለከታቸው ተጽፏል። የጻፈው ሰው ምን እንደሚሸጥ በደንብ ያውቃል ማለት ነው።

አራተኛው ወር ላይ አንዱ ቢጫ ዓሣዬ መጥቆር ጀመረ። ታመመ ብዬ ሻጩ ዘንድ ሮጥኩ። መድኃኒት ሸጠልኝ። ለካስ በሽታ ሳይሆን ሹመት ነው! አውራተስ የሚባለው የማላዊ ሐይቅ ዓሣ ልጅ እያለ ወንዱም ሴቷም ቢጫ ናቸው፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያላቸው። ገንዳው ላይ የነገሠው ወንድ ግን ይጠቁራል። የተሸነፉት ወንዶች የሴት ቀለማቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ስንት ወንድ እንደገዛችሁ አታውቁም። አውራተስ አድጎ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በጠበኝነት ግን ከማላዊ ዓሦች ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ ነው።

መጀመሪያ የሞቱት እሱን የሚመስሉት ናቸው። ሲክሊድ አብዝቶ የሚያሳድደው የራሱን ዓይነትና ቀለሙን የሚጋራውን ነው። ሴቷንም ድንጋዩንም የሚሻማው እሱ ነዋ። ምልክቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የነገረኝ አልነበረም። ተጎጂው ዓሣ ከውኃው አፍ ሥር፣ ከማሞቂያው ጀርባ ተለጥፎ ይውላል። ምግብ ሲጣል አይመጣም። ጅራቱና ክንፉ ይተለተላል። ከዚያ ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ይወጣል። ይሄኔ «ፈንገስ ነው» ተብሎ ሁለተኛ መድኃኒት ትገዛላችሁ። ጥጡ ቢጠፋ እንኳ ነካሹ እዚያው አለ።

ሐይቅ ውስጥ ቢሆን የተሸነፈው ሁለት ሦስት ሜትር ሸሽቶ ይገላገላል። 60 ሴንቲ ሜትር መስታወት ውስጥ ወዴት ይሽሽ? ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ይታያል። ሲተያዩ ነው የሚውሉት።

ደግሞ አንድ በሞተ ቁጥር ሻጩ «ምትክ በቅናሽ ልስጥህ» ይለኛል። ደግ ሰው መስሎኝ ነበር። ተከፋፍሎ ያለቀ ገንዳ ውስጥ አንድ እንግዳ ዓሣ ብቻውን መጨመር ግን ለነካሹ መስጠት ነው። ሁለቴ ጨመርኩ፣ ሁለቴም በነጋታው ሬሳ አወጣሁ። እንደኔ ያለ ደንበኛ የት ይገኛል!

ከሁሉ ያናደደኝ ግን «ቅልቅል» የምትለዋ ቃል ናት። ሲክሊድ እኮ የቤተሰብ ስም ነው። ከ1,700 በላይ ዝርያዎች አሉት፣ ቆሮሶም ሲክሊድ ነው። ከ10ሩ ሰባቱ የማላዊ፣ ሁለቱ የመካከለኛው አሜሪካ ኮንቪክት፣ አንዱ የደቡብ አሜሪካ ኦስካር መሆናቸውን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የማላዊዎቹ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 8 አካባቢ የሆነ ጠንካራ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት ውኃ የለመዱ፣ ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ የሚግጡ ናቸው። ኦስካር ከለስላሳ ውኃ የመጣ ሥጋ በል ነው፣ አድጎም 30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። የገንዳዬ ስፋት 30 መሆኑን አስታውሱ። መዞሪያ የለውም! ኮንቪክቶቹ ደግሞ እንቁላል ጣሉና ግማሹን ገንዳ ወረሱ። ባልና ሚስት ተጋግዘው ጫጩት የሚጠብቁ ጎበዝ ወላጆች ናቸው፣ ለጎረቤት ግን መዓት። እነሱንም ኦስካሩንም ትልልቅ ገንዳ ላለው ሰው በነፃ ሰጠሁ።

ስማቸው ቢነገረኝ ኖሮ ስሙ ራሱ ያስጠነቅቀኝ ነበር። ኮንቪክት ማለት እስረኛ ነው፣ ለመስመሩ የወጣለት። «ቀይ ሰይጣን» የሚባል ሲክሊድም አለ። ጃክ ዴምፕሲ የሚባለው በቦክሰኛው ነው የተሰየመው፣ እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1926 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን በነበረው። ይሄን የሰማ ሰው ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የእያንዳንዱን ዓሣ ዝርያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ አድጎ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆንም። ካደገ መልሶ ይወስደው እንደሆነ አስጽፉት። ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን የሚሸጥላችሁንም እለፉት። አዲስ ገንዳ ውስጥ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የማላዊ ዓሣ ካማራችሁ ቢያንስ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ፣ እይታ የሚከልል የድንጋይ ክምር፣ ለአንድ ወንድ ሦስት አራት ሴቶች። ሁሉንም ባንዴ አስገቡ። የግድ መጨመር ካለባችሁ መጀመሪያ ድንጋዮቹን አፈራርሳችሁ ደርድሩ፣ ያኔ ነባሩም እንግዳ ይሆናል። ቢጫ ላቢዶክሮሚስ የሚባለው የማላዊ ዓሣ ከአውራተስ በብዙ የዋህ ነው። ቀይ ሰይጣንና ጃጓር ሲክሊድ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ነው የሚያዙት።

ጥቁሩ ጌታዬ አሁን ብቻውን አለ። በመስታወቱ ላይ የራሱን ጥላ ሲያባርር ይውላል። ባለፈው ምግቡን ልገዛ ስሄድ ሻጩ «አዲስ ቅልቅል ገብቶልሃል» አለኝ። ምን ምን እንደሆኑ ጠየቅኩት።

«ሲክሊድ ናቸው» አለኝ።