እንካ ስላንትያ ወይስ ሰምና ወርቅ?

አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሁለቱን አወዳድራችሁ ምረጡ ተባልን። እንካ ስላንትያ ፈጣን ነው፤ አንዱ «በወንበር» ይላል፣ ሌላው «ምን አለህ በወንበር?» ብሎ ይጠይቃል፣ ወዲያው «ክፍል ውስጥ ስታንኮራፋ ነበር!» ይመጣበታል። ቤት ካልመታ ወይም ከዘገየ አለቀለት። ክፍሉ በሳቅ ፍርስ አለ፣ ብዙው ልጅም እሱን መረጠ።

እኔ ግን ሰምና ወርቁን ነው የመረጥኩት። አንዷ ልጅ ራሷ ጽፋ ያነበበችው ይኸውላችሁ፦

ፈተናው መንገድ ላይ ቆሞ ቢጠብቀኝ፣
አለፍኩት በጎኑ እሱ እንኳን ሳያውቀኝ።

ነገሩ ያለው «አለፍኩት» ላይ ነው። ሰሙ ፈተናውን አልፋለች፣ ወርቁ ግን ጭራሽ አልተፈተነችም! መጀመሪያ ዝም አልን፣ ከዚያ አንድ በአንድ ሲገባን ሳቁ ከኋላ ወንበር ጀምሮ እየተከተለ መጣ። እንካ ስላንትያው ወዲያው ያስቃል፤ ይቺ ስንኝ ግን ማታም አፌ ላይ ነበረች።