ደብረ ብርሃን ያለች አንዲት የማህፀን ሐኪም

የወር አበባቸው ሲመጣ በህመም ለሚጠቀለሉ እህቶቼ ነው የምጽፈው። «ስትወልጂ ይተውሻል» እየተባልኩ ነው የኖርኩት። እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ የግል ክሊኒክ ያለችው ሐኪም ግን ረጋ ብላ ጠየቀችኝ፤ ሽንት ቤት ስትቀመጪ ያምሻል? ከባልሽ ጋር ስትሆኚስ? ከዚያ ማህፀኑን ወረቀት ላይ ስላ ኢንዶሜትሪዮሲስን አስረዳችኝ፦ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፣ ከ10 ሴቶች አንዷን ገደማ ይይዛል። አልትራሳውንድ ምንም ባያሳይም በሽታው የለም ማለት አይደለም አለችኝ፤ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም! አይቡፕሮፌን ምግብ በልቼ፣ ህመሙ ሳይጠና እንድወስድ ነገረችኝ፣ የሆርሞን ክኒንም ጨመረችልኝ። እንደሚያስታግስ እንጂ ከሥሩ እንደማይነቅለው አልደበቀችኝም። ወረፋው ረጅም ነው፣ ብርዱም አይቻልም፣ ጋቢ ያዙ። ህመማችሁ መቼ እንደሚነሳ የጻፋችሁበት ደብተርም ይኑራችሁ፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።