የስቴሪዮው «ኡምምም»፦ ብሉቱዝ ይሻላል ወይስ አይሶሌተር?

ላፕቶፕ ከስቴሪዮ ጋር ሲገናኝ ስለሚመጣው «ኡምምም» ጓደኞቼ በየጊዜው ይጠይቁኛል። በተለይ ባሕር ዳር ፖሊና ፔዳ አካባቢ ቤት የተከራዩት። አብዛኞቹ ኦክስ ገመዱን ነው የሚጠረጥሩት። ቆይ፣ አትግዙ!

መጀመሪያ ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ንቀሉና በባትሪ ሙዚቃ ክፈቱ። ጸጥ ካለ ጥፋቱ የመብራቱ እንጂ የገመዱ አይደለም። ብዙ ቤት ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) የለውም። ላፕቶፑ ብረት ከሆነ ቻርጅ ላይ እያለ ጣታችሁን በስሱ አንሸራትቱበት፤ ነዘር ነዘር ያደርጋል። ያ ከቻርጀሩ የሚሾልክ ከረንት ነው። በኦክስ ገመዱ ወደ ስቴሪዮው ይገባል፣ ስፒከሩም የመብራቱን 50 ኸርዝ አጉልቶ ያሰማችኋል። ስቴሪዮው ከቲቪ፣ ቲቪው ከዲሽ ጋር ከተያያዘ ደግሞ ይብሳል። የዲሹን ገመድ ነቅላችሁ ልዩነቱን ስሙ። እስካሁን አንድ ብር አላወጣችሁም።

በባትሪም ካልጠፋ ያኔ ገመዱን ጠርጥሩ። ከጠፋ ግን «ወርቅ ቅብ ነው» ተብሎ በ600 ብር የሚሸጠው ገመድ ምንም አይለውጥም፤ ከረንቱ በወርቁም ያልፋል። ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድም ያው ነው፣ ኃይሉን የሚወስደው ከዚያው ላፕቶፕ ነውና። የስፒናውን ሦስተኛ እግር ቁረጡት የሚላችሁን በጭራሽ አትስሙ። ኧርዝ ባለው ቤት ከሞት የሚያተርፋችሁ እሱ ነው።

የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው።

ስቴሪዮው ላይ የሚሰካው ብሉቱዝ መቀበያ ሰሞኑን ስጠይቅ 500 ብር አካባቢ ነበር። ገመድ ስለሌለ ድምፁ ይጠፋል፣ እውነት ነው። ግን መቀበያው ኃይል የሚያገኝበትን ዩኤስቢ መልሳችሁ ላፕቶፑ ላይ ከሰካችሁት ኡምምምታው ይመለሳል። ስለዚህ የራሱ ቻርጀር ይፈልጋል፣ ሌላ 300 ብር። ርካሽ ቻርጀር ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ «ዝዝዝ» ይላል። ፊልም ስታዩም ከንፈሩ ቀድሞ ድምፁ ኋላ ይደርሳል።

አይሶሌተር በኦክስ ገመዱ መሃል የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። 900 ብር ይሉታል፤ ከተከራከራችሁ 800 ይገባል። እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ውስጡ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉት። ሙዚቃው በማግኔት ይሻገራል፣ ሽቦ ከሽቦ ግን አይነካካም። ቻርጀር የለ፣ ባትሪ የለ፣ መዘግየት የለ። ቻርጀሩን ስትደምሩት ብሉቱዙም ዋጋው እዚያው ነው።

ችግሩ ፎርጅዱ ነው። አባይ ማዶ የሚኖር ወዳጄ ከተማ ውስጥ ካለ ሱቅ በ450 ብር ገዛ። ሰካው፣ ኡምምምታው እንዳለ ነው። ፕላስቲኩን ስንፈለቅቀው ትራንስፎርመር የሚባል ነገር የለውም። ሽቦዎቹ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ቀጥታ ተበይደዋል። እንዲከብድ ብሎ አንድ ቁራጭ ብረት በማስቲሽ ለጥፎበታል። ሱቁም አልመልስም አለ።

ስለዚህ ሳትከፍሉ ለኩ። መልቲሜትር ከሌላችሁ ሬዲዮ ጠጋኞች ጋ አይጠፋም። መልቲሜትሩን ሽቦ ከሽቦ ሲገናኝ በሚጮኸው ምልክት ላይ አድርጉት። አንዱን መንኪያ ወደ ፕላስቲኩ በተጠጋው የጃኩ ቀለበት ላይ፣ ሌላውን በወዲያኛው ጫፍ ተመሳሳይ ቀለበት ላይ አሳርፉ። ከጮኸ ቀጥታ ሽቦ ነው፣ ተዉት። ካልጮኸ ወደ ኦም ቀይሩና ያንኑ ቀለበትና የዚያኑ ጃክ ሹል ጫፍ ለኩ። ንባብ ካሳየ የትራንስፎርመሩን ጥምጥም አገኛችሁት። ሻጩ አታስለካም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

እውነተኛውም ቢሆን ርካሹ ቤዙን ትንሽ ይበላል። ከተቻለ ቤዝ የሚበዛበት ዘፈን በስልካችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ አንዴ በእሱ አንዴ ያለ እሱ ሞክሩ። ፊልም የማታዩና ብዙ ጊዜ ከስልክ የምታዳምጡ ከሆነ ብቻ ብሉቱዙን ግዙ፤ ቻርጀሩን ግን ለብቻው ግድግዳ ላይ ሰኩት።