የአንድ አምበል ሕይወት በስድስት ቅዳሜዎች፦ ዓባይ ማዶ ያለው የኳስ ቤት

በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚገባ የኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ የዲኤስቲቪ ቤት፣ ዘንድሮ ክረምት የአውሮፓ ሊጎች ሲዘጉ እንደ ሌሎቹ በሩን አልዘጋም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ በነበሩት ስድስት ቅዳሜዎች፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ፣ የአንድን ተከላካይ የእግር ኳስ ሕይወት ከወጣትነቱ እስከ አምበልነቱ በተመረጡ ሙሉ ጨዋታዎች አሳይቷል። የተመረጠው የሊቨርፑልና የኔዘርላንድ አምበል ቨርጂል ቫን ዳይክ ነበር። መግቢያው ለአንድ ቅዳሜ 40 ብር፣ ለስድስቱም በአንድ ጊዜ ለከፈለ 200 ብር ሲሆን ታዳጊዎች ግማሹን ይከፍላሉ። እኔ ለዘጠኝ ዓመት የመሐል ተከላካይ ሆኜ የተጫወትኩ፣ ከዚያም ውስጥ አራቱን በአምበልነት ያሳለፍኩ፣ አሁን ደግሞ የሰፈራችንን ልጆች የማሠለጥን ሰው ስለሆንኩ፣ አራት ተከላካይ ልጆቼን ይዤ ስድስቱንም ቅዳሜ ተገኝቻለሁ።

ይህንን አገልግሎት የምመዝነው ተከላካይን በማሳየትና ባለማሳየቱ ነው። በየስልካችን የሚደርሰን የሁለት ደቂቃ ሃይላይት ግብ አግቢን ያሳያል፤ የተከላካይ ሥራ ግን ያለው ባልሆነው ነገር ውስጥ፣ ማለትም ሳይላክ በቀረው ኳስ፣ ሳይመታ በቀረው ምትና አጥቂው ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ኋላ በመለሰው ሩጫ ውስጥ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን እዚሁ ባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን ከመመራት ተነሥቶ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ከተመልካቹ መካከል ነበርኩ። ስንወጣ በየመንገዱ የሚወራው ስለ ሁለቱ ግቦች ብቻ ነበር፤ መሪነቱን እስከ መጨረሻው ፊሽካ ጠብቀው ያቆዩትን ተከላካዮች ያነሳ አንድም ሰው አልሰማሁም። ሙሉ ጨዋታ ማሳየት ለተከላካይ ትልቅ ውለታ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ከሁሉም የደከሙት ነበሩ፤ በኔዘርላንዱ ግሮኒንገንና በስኮትላንዱ ሴልቲክ ክለቦች የተጫወተበት ዘመን ቅጂዎች ጥራታቸው ዝቅተኛ ስለነበር የማሊያ ቁጥር እንኳን ለመለየት ያስቸግር ነበር። ጉድለቱን የሸፈነው የቤቱ ባለቤት ከጨዋታው በፊት ቆሞ የሰጠው ማብራሪያ ነው። ቫን ዳይክ በብሬዳ ተወልዶ በቪለም 2 ታዳጊ ቡድን ይጫወት በነበረበት ጊዜ በአንድ ምግብ ቤት ሰሃን ያጥብ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ግሮኒንገን ሳለ የትርፍ አንጀት ሕመሙ ተባብሶ ለሞት ተቃርቦ እንደነበር፣ በ2013 ወደ ሴልቲክ፣ በ2015 ወደ ሳውዝሃምፕተን ሄዶ እዚያም አምበል እስከ መሆን እንደደረሰ ሳያጋንን ነገረን። ሰሃን ማጠቡ ሲነሣ ልጆቼ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንደኛው ከትምህርት መልስ እናቱን በምግብ ቤት የሚያግዝ ልጅ ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ በጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቨርፑል ከገባ በኋላ የተጫወተው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ በኤቨርተን ላይ በግንባሩ የማሸነፊያውን ግብ ያስቆጠረበት ነበር። ገንዘቡ በወቅቱ ለተከላካይ ከተከፈለው ሁሉ የሚበልጥ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ስለ ዋጋው ብዙ ክርክር ተነሣ። እኔ ግን ልጽፍበት የምፈልገው አራተኛውን ቅዳሜ ነው።

ጨዋታው መጋቢት 31 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ሊቨርፑል ቶትንሃምን ያስተናገደበት ነው። ውጤቱ 1 ለ 1 ሆኖ ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ከቶትንሃም ተጫዋቾች ሲሶኮ ኳስ ይዞ፣ ሶን ደግሞ ከጎኑ እየሮጠ፣ ሁለቱ ወደ ቫን ዳይክ ብቻውን መጡበት። ባለቤቱ ምስሉን አቁሞ መብራት አበራና «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ከልጆቼ አንዱ «ኳሱ ያለው ሲሶኮ ጋ ነው፣ እሱን ቶሎ እገጥመዋለሁ» አለ። ቪዲዮው ቀጠለ። ቫን ዳይክ ሲሶኮን አልገጠመም፤ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ሰውነቱን ወደ ሶን አዘንብሎ፣ ኳሱ ለሶን የሚተላለፍበትን መስመር ዘጋ። ሲሶኮ ማቀበል ስላልቻለ ራሱ መቀጠል ግድ ሆነበት፤ ወደ ግቡ በተጠጋ ጊዜ ተከላካዩ ድንገት ወደ እሱ ዞረ፣ ሲሶኮም ባልለመደው በግራ እግሩ መትቶ ኳሱን ከአግዳሚው በላይ ሰደደው። ሊቨርፑል በ90ኛው ደቂቃ በቶትንሃም ተከላካይ የተቆጠረ የራስ ግብ አግኝቶ 2 ለ 1 አሸነፈ። ባለቤቱ ያንን ቅጽበት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አሳየን፤ በሦስተኛው ላይ ያ ልጅ «እግሩን እንኳን አላነሳም እኮ!» አለ። እኔ ይህንን ለማስረዳት በሜዳ ላይ ሁለት ዓመት ደክሜያለሁ።

በዚያው ቀን ሌላ ያላሰብነው ነገር ሆነ። ከዕረፍት በፊት የጣና ዝናብ መጣና በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲወርድ የኮሜንታተሩ ድምፅ ጨርሶ ጠፋ። ብዙ ሰው ቅር ቢለውም እኔ ልጆቹን የቫን ዳይክን እጆች ብቻ እንዲመለከቱ አዘዝኳቸው። ኳሱ በሌላው የሜዳ ጫፍ ሳለ አንዱን ባልደረባውን ወደ ፊት ይገፋል፣ ሌላውን ወደ ውስጥ ይጠራል፣ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ተረጋጉ ይላል። አምበልነት በክንድ ላይ ከሚታሰረው ጨርቅ በፊት ያለ ሥራ መሆኑን በዚያ ዝናብ ውስጥ በግልጽ አየን፤ በዚያን ጊዜ እሱ ገና የሊቨርፑል አምበል አልነበረም።

አምስተኛው ቅዳሜ ላይ ቅሬታ አለኝ። በማድሪድ ቶትንሃምን 2 ለ 0 አሸንፈው የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ያነሱበት ጨዋታ ሙሉውን ታየ፤ በጥቅምት 2020 (እ.ኤ.አ.) በኤቨርተን ሜዳ ከግብ ጠባቂው ጋር ተጋጭቶ የጉልበት ጅማቱ የተበጠሰበት ግን በአንድ ደቂቃ ታለፈ። ያ ጉዳት የቀረውን የውድድር ዓመት በሙሉ ከሜዳ አርቆታል። ጉልበቴን ታምሜ አንድ ክረምት ሙሉ ደረጃ ስቆጥር የከረምኩ ሰው እንደመሆኔ፣ የተከላካይ ሕይወት ትልቁ ክፍል እዚያ ያለ ይመስለኛል። ለባለቤቱ ስነግረው «ወንድሜ፣ ያልተጫወተውን ከየት አምጥቼ ላሳይህ?» አለኝ። መልሱ እውነት አለው፤ ቢሆንም የጅማት ጉዳት እንዴት እንደሚታከምና ስንት ወር እንደሚወስድ የሚያስረዳ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢጋበዝ ኖሮ ልጆቹ ብዙ ይጠቀሙ ነበር።

የመጨረሻው ቅዳሜ በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ከቼልሲ ጋር የተደረገው የሊግ ካፕ ፍጻሜ ነበር። ቫን ዳይክ በመደበኛው ሰዓት ያስቆጠረው ግብ በቫር (በቪዲዮ በሚታገዝ ዳኝነት) ተሰረዘበት፤ በጭማሪው ሰዓት ዙሪያውን ብዙ ታዳጊዎች ከበውት ሲጫወት ቆይቶ በ118ኛው ደቂቃ ከማዕዘን ምት በግንባሩ አስቆጥሮ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ። ግቡ ሲሰረዝ ለዳኛው ጥቂት ተናግሮ ወዲያው ወደ ቦታው መመለሱን ልጆቼ ልብ ብለው አይተዋል፤ ከግቡ ይልቅ የተነጋገሩበትም ይህንን ነበር።

ቤቱን በተመለከተ ስክሪኑ ትልቅና ጥርት ያለ ነው፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ረድፍ የተከላካይ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ይታያል። አግዳሚ ወንበሮቹ መደገፊያ ስለሌላቸው ጭማሪ ሰዓት ያለው ጨዋታ ወገብ ይፈትናል። መብራት ሁለት ጊዜ ቢጠፋም ጄኔሬተሩ በፍጥነት ተነሥቷል፤ ጭሱ ግን በኋለኛው በር ስለሚገባ በዚያ በኩል ባይቀመጡ ይመረጣል። ሻዩ ትኩስ፣ ቆሎው በቂ ነው። ልጆች የሚገቡበት ቤት ሆኖ በዚያ ሰዓት ጫትም ሲጋራም መከልከሉን ከልብ አመሰግናለሁ። ከከተማው በኩል የሚመጣ ሰው አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ በባጃጅ በቀላሉ ይደርሳል።

ባለቤቱ ለሚቀጥለው ክረምት የማንን ሕይወት እንደሚያሳይ ሲጠይቀኝ፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን የተደረገውን ያንን የኮትዲቯር ጨዋታ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው፣ ሳይቆረጥ እንዲያሳየን ለመንኩት። ሙሉ ቅጂውን እየፈለገ ነው፤ በእጁ ያለው ሰው ካለ በፍላሽ ይዞለት ይምጣ፣ እኔም ልጆቼን ይዤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እቀመጣለሁ።