ስምንት ወር ከጋዝ ምድጃዬ ጋር

ከሰልና ወናፍ ሲሰለቸኝ ነው ባለ ሁለት በርነር የፕሮፔን ምድጃ የገዛሁት። ብረት የምቀጠቅጠው በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው።

ለተራ ቅጥቀጣ እንከን አላገኘሁበትም። ቶሎ ይግላል። ከሰል ላይ ለአፍታ ዞር ካሉ ብረቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ይቃጠላል፤ እዚህ ያ ሥጋት በጣም ቀንሷል።

በሙቀትና በመዶሻ ተጣብቆ የሚሠራው ንብርብር አረብ ብረት ላይ ግን መጀመሪያ አንጀቴን አሳርሮታል። 1095 እና 15ኤን20 የሚባሉ ሁለት የአረብ ብረት ዓይነቶች እያፈራረቅኩ ሰባት ሳህን ደረደርኩ። ከላይ ደማቅ ቢጫ ሲሆን አውጥቼ መታሁት። የተጣበቀ መሰለኝ። ስጠመዝዘው ጫፉ እንደ ደብተር ተገለጠ! ምድጃውን ስረግም ዋልኩ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ሙቀቱ እስከ መሀሉ ሳይዘልቅ ተቻኩያለሁ፣ እሳቱም አየር በዝቶበት ብረቱን ቅርፊት እያለበሰው ነበር። የአየር ማስገቢያውን ጠበብ ሳደርገው ከምድጃው አፍ ብርቱካናማ ምላስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የላላብኝ የለም ማለት ይቻላል። ያ ምላስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ በር ሳልከፍት አልለኩስም፣ ጠቋሚ መሣሪያም ሰቅያለሁ።

ቅሬታዬ ወለሉ ላይ ነው። ብረቱ እንዲጣበቅ የምነሰንሰው ቦራክስ ሲቀልጥ የምድጃውን ውስጥ የሸፈነውን የሴራሚክ ሱፍ እንደ ስኳር ያሟሟዋል። በአራተኛው ወር አውራ ጣቴን የሚውጥ ጉድጓድ አገኘሁ። ሻጩ «ለማጣበቅም ይሆናል» ሲል ስለዚህ ትንፍሽ አላለም። የሱፉ ብናኝ ደግሞ ለሳንባ ጠላት ነው። ጭንብል አድርጌ ጠገንኩት፣ እሳት የሚችል ሲሚንቶ ቀባሁት፣ ከላዩ አሉሚና የበዛበት ጠፍጣፋ ጡብ አነጠፍኩ። ቦራክሱ አሁን የሚበላው ጡቡን ነው፤ እሱ ደግሞ ይቀየራል። ጡቡ ከመጀመሪያውም አብሮ መምጣት ነበረበት።

ሌላው ሲሊንደሩ ነው። ፈሳሹ ጋዝ ሲሆን ሙቀት ስለሚስብ፣ ትንሹ ሲሊንደር ሰዓት ሳይሞላ አመዳይ ይለብስና ግፊቱ ይወርዳል። ልክ ማጣበቂያው ሙቀት ላይ ስደርስ! ትልቅ ሲሊንደር ስገዛ ተገላገልኩ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዋን ቢላ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል ብረት የሚበላ ፈሳሽ ውስጥ ነከርኳት። 1095ቱ ጠቆረ፤ ኒኬል ያለበት 15ኤን20 እንደ ብር አበራ። እጀታው አጠገብ ጥፍር የምታህል ያልተጣበቀች መስመር አለች። ሚስቴ አላየቻትም፤ እኔ ግን ቢላዋን ባነሳሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ነው።