ለሲስተራችን ምስጋና፣ ማቆያ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው በመሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ የወላጆች ኮሚቴ ስም ነው። ምስጋናው ለአንዲት ጡረታ የወጡ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁን፣ ሞግዚቶቹ እንደሚጠሯቸው እኛም ሲስተር እያልን እንቀጥላለን። የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ ነው። ሥራቸው ማቆያው ድረስ መጥተው ክፍሉን ማየትና ሞግዚቶቹን እዚያው ሥራቸው ላይ ማሠልጠን ነው። እኛ ጋ አራት ግማሽ ቀን ሠርተዋል፤ አራቱም ልጆቹ ባሉበት። ባዶ ክፍል ውስጥ አያሠለጥኑም።

የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ ካዘዘ ወዲህ በየቦታው ክፍል ተከፍቷል፤ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ላይ ጥንቸልና ቢራቢሮ ተስሏል። ሲስተር ግድግዳውን አላዩትም። የሚያሳስባቸው ሞግዚቷ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እጇ ሲዝል፣ ምን እንደምታደርግ ነው። "ጠዋትማ ሁሉም ጎበዝ ነው" ይላሉ። ስለዚህ ሕግ ከመደርደር ይልቅ ዕቃ ያዛውራሉ፤ የደከመ እጅ ሳያስብበት ትክክለኛውን እንዲያነሳ።

መጀመሪያ የሄዱት ዳይፐር መቀየሪያው ጋ ነው። ሦስት ልጆች እስኪቀየሩ ዝም ብለው ቆመው አዩ። ቅባቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ጥጡ መደርደሪያ ላይ፣ ፌስታሉ በር ጀርባ ነበር። ሞግዚቷ በቆሸሸ እጇ መሳቢያውን ትከፍታለች፤ ያንኑ እጀታ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጡጦ የምታዘጋጀዋ ትይዘዋለች። ተቅማጥ ክፍሉን የሚያዳርሰው እንዲህ ነው። አሁን ልጁ ከመተኛቱ በፊት ሁሉም ነገር በቀኝ በኩል ይደረደራል፦ ንጹሕ ዳይፐር፣ በውኃ የራሰ ጥጥ፣ ባዶ ፌስታል፣ ጓንት። ቅባቱ ከነዕቃው አይመጣም፤ ሶፍት ላይ ጥቂት ይወጣና ዕቃው ተከድኖ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ እጅ ከልጁ አይለይም፤ ሕፃን ከጠረጴዛ የሚወድቀው ላንዳፍታ ዞር ሲባል ነው። ጠረጋው ከፊት ወደ ኋላ ነው፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ ሰገራው ወደ ሽንት መውጫዋ እንዳይደርስ። የቆሸሸው ዳይፐር ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ ጓንቱም ተገልብጦ ይከተለዋል፤ ንጹሑ ዳይፐር የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ የልጁ እጅ ይታጠባል። ይህን ማንም አያስታውሰውም ነበር፤ ልጅ ሲቀየር እጁን የት እንደሚሰድ ያየ ሰው ግን ምክንያቱን አይጠይቅም። ልጁ ወደ ጨዋታው ሲመለስ መቀየሪያው በሳሙና ይታጠባል፣ በረኪና ይቀባል። መጨረሻ ላይ የሞግዚቷ እጅ፣ 20 ሰከንድ በሳሙና፣ ጓንት አድርጋም ቢሆን።

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ መታጠቢያው ሁልጊዜ አይሠራም። ድሮ ሳፋ ውስጥ ተራ በተራ ይታጠቡ ነበር፤ የመጨረሻው ልጅ የስምንት ልጅ እጣቢ ይደርሰዋል። ሲስተር ቧንቧ የተገጠመለት 20 ሊትር ጄሪካን መቀየሪያው አጠገብ አስቀመጡ፣ ሳሙናውን በክር አንጠለጠሉ፣ አለቀ።

በረኪና በማሽተት ነበር የሚለካው፤ ከሸተተ በቂ ነው፣ ዓይን ካቃጠለ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው ይባል ነበር። ትክክለኛው እንዲህ ነው። በረኪናው ባለ 5 በመቶ ከሆነ፣ ይህም መለያው ላይ ይነበባል፣ ለጠረጴዛ፣ ለወለልና ለመጫወቻ 20 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውኃ ይበቃል። 20 ሚሊ ማለት ከሽሮፕ ጋር የሚመጣው ባለ 10 ሚሊ መለኪያ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን ለዚህ ብቻ ለዩትና ከመድኃኒቱ ጋር እንዳይገናኝ ምልክት አድርጉበት። ትውከት፣ ሰገራ ወይም ደም ለነካው ወለል ግን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ። ሁለቱም 10 ደቂቃ መቆየት አለባቸው፤ ቀብቶ ወዲያው መጥረግ ሽታውን እንጂ ሥራውን አያተርፍም። ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ካልተነሳ ክሎሪኑ እሱን ሲታገል ኃይሉ ያልቃል። በሙቅ ውኃ አይበጠበጥም። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በየጠዋቱ አዲስ ይበጠበጣል፣ የትናንቱ ይደፋል። ልጆች አፋቸው የሚከቱት መጫወቻ ደግሞ ከ10 ደቂቃው በኋላ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል።

ሲስተርን አንዴ ብቻ ሲቆጡ ያየናቸው እዚህ ላይ ነው። የተረፈው በረኪና ሃይላንድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለሁለት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ማለት ውኃ ነው። በረኪናም ሆነ ነጭ ጋዝ ከራሱ ዕቃ አይወጣም፤ ቦታውም የተቆለፈ ከፍ ያለ ቁም ሳጥን ነው። ልጅ ከጠጣ አታስታውኩት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል፣ ነጭ ጋዝ ከሆነም ወደ ሳንባ ይገባል። አፉን በውኃ አጥባችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

እንቅልፍ ላይ ብዙ ክርክር ነበር። የወሊድ ፈቃዷ ያለቀባት እናት ይዛ የምትመጣው የሦስትና የአራት ወር ሕፃን ነው፤ በእንቅልፍ ላይ ድንገተኛ ሞት በብዛት የሚከሰተው ደግሞ ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ሲስተር አንድ ዓመት ያልሞላውን ሁሉ በጀርባው ያስተኛሉ፣ በጎኑም አይደለም፤ የጎን አተኛኘት በትንሽ እንቅስቃሴ ወደ ሆድ ይገለበጣል። "ትውከት ያንቀዋል" ለሚሉ እናቶች እጃቸውን አስተኝተው አሳዩ፦ ልጁ በጀርባው ሲሆን የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ነው፤ የተመለሰ ወተት ወደ ታች ይፈስሳል። በሆዱ ሲተኛ ይህ ይገለበጣል። ፍራሹ ጠንካራና ሜዳ ይሁን፤ ትራስ፣ አሻንጉሊት፣ ጋቢ፣ ቡሉኮ አልጋው ውስጥ አይገባም። ብርድ ከተፈራ ልብስ ይደረባል እንጂ ብርድ ልብስ አይጣልም። ሕፃን መብረዱ የሚታወቀው በማጅራቱና በደረቱ ነው፤ እጁማ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል። ፊት ላይ ነጠላ ጣል ማድረግ፣ ለዝንብም ለዓይነ ጥላም ቢሆን፣ ቀረ። መጋረጃውም የልጅ ፊት እስኪታይ ተገለጠ፤ በየ10 ደቂቃው አንዲት ሞግዚት ጎንበስ ብላ ትንፋሽ ታያለች፤ ስታይም መዝገቡ ላይ ትፈርማለች።

መብራት ሲጠፋ የከሰል ምድጃ ወደ ማስተኛው ክፍል ማስገባት የለመዳችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ተዉት። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ የሚገድለው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም።

የታለበ የእናት ጡት ወተት ላይ ስም፣ ቀንና የታለበበት ሰዓት ይጻፍበታል። በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል፤ ቦታው ከኋላ በኩል ነው፣ በሩ ላይ ሲሆን በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር፣ ከ4 ዲግሪ አይለፍ። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ በሩ ላይ ይጻፋል፣ በሩም አይከፈትም፤ ተዘግቶ ከቆየ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ወተቱ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይሞቃል፤ ማይክሮዌቭ አንዱን ቦታ አፍልቶ ሌላውን ቀዝቃዛ ስለሚያደርገው የልጅ አፍ ያቃጥላል። ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል። እናት ስትሰማ ያማታል፣ እናውቃለን፤ ስለዚህ ሲስተር ጡጦው ከመጀመሪያውም በትንሽ በትንሹ እንዲቀዳ አደረጉ። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ በጭራሽ አይሰጥም፤ ለሳልም፣ ለማላሻም፣ አያት ቢልኩትም። በውስጡ ሊኖር የሚችለው ተህዋሲ የሕፃን አንጀት ውስጥ ነርቭ የሚያሽመደምድ መርዝ ያመርታል።

መድኃኒት ላይ የሚፈጠረው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የፓራሲታሞል ነው። 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቢበዛ 120 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህ በአምስት ሚሊ 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ ልክ 5 ሚሊ ነው። በጠብታ የሚሰጠው ግን በአንዱ ሚሊ 100 ሚሊ ግራም ያለው አለ። ሞግዚቷ "5 ሚሊ ስጪው" የተባለችውን ይዛ ከዚህኛው ብትሰጥ 500 ሚሊ ግራም ትሰጣለች። ሁለተኛው ስሕተት እናት ቤት ሰጥታ ሳትናገር ስትሄድ ነው። አሁን በር ላይ ያለው ደብተር ላይ ሳይጻፍ መድኃኒት አይገባም፦ ስሙ፣ መጠኑ በሚሊ፣ መጨረሻ የተሰጠበት ሰዓት፣ የወላጅ ፊርማ። በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። በሻይ ማንኪያ መለካትም ቀርቷል።

ጠዋት በር ላይ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ፍተሻ አለ፤ ግንባር፣ ዓይን፣ ቆዳ፣ አተነፋፈስ፣ "ሌሊቱን እንዴት አደረ?"። ውኃ የሚመስል ተቅማጥ፣ በ24 ሰዓት ሁለቴና ከዚያ በላይ ትውከት፣ ልጁን ያደከመ ትኩሳት ያለው ልጅ ቤት ይውላል። ጉድፍ እስኪደርቅ፣ ኩፍኝ ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን እስኪሞላው። የክትባት ካርድ ፎቶ ኮፒ መቀበል ብቻ አይበቃም፣ መነበብም አለበት፤ የኩፍኙ በ9 እና በ15 ወር ሁለት ጊዜ መሆኑን ስለማያውቁ ሁለተኛውን የዘለሉ ወላጆች ጥቂት አልነበሩም። ቀን ላይ ተቅማጥ ለጀመረው ወላጁ እስኪመጣ ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ይሰጠዋል፦ አንድ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ሙሉውን በአንድ ጊዜ። ከረጢቱን ከፍሎ በብርጭቆ መበጥበጥ ጨውን ያበዛዋል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ።

ምግብ ላይ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻና ያልተቆረጠ ወይን ከግቢው ወጥተዋል። ለታነቀ ሕፃን ሲስተር ሞግዚቶቹን በአሻንጉሊት አሥር አሥር ጊዜ አሠርተዋቸዋል። ዓመት ያልሞላው ክንድ ላይ በሆዱ፣ ራሱ ዝቅ ብሎ፣ በመዳፍ ተረከዝ በሁለት ትከሻው መሐል 5 ምት፤ ካልወጣ ተገልብጦ ከጡት መስመሩ ዝቅ ብሎ ደረቱ መሐል 5 ግፊት፣ እስኪወጣ ወይም ልጁ ራሱን እስኪስት እየተፈራረቀ። ራሱን ከሳተ ልብና ሳንባ ማነቃቃት ይጀመራል፤ ሌላዋ ወዲያው አምቡላንስ ለመጥራት 907 ወይም 939 ትደውላለች። የማይታየውን ነገር በጣት መፈለግ ክልክል ነው፣ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የሚያስል ልጅ ግን አይመታም፤ ሳሉ ከማንም ምት ይበልጣል።

ኃላፊዎቹን ያስቆጣው የሞግዚት ቁጥር ጉዳይ ነበር። እኛ ጋ አንዷ ለስድስት ሕፃናት ነበረች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ12 ወር በታች ላሉ የሚመክረው አንዷ ለሦስት ነው። ሲስተር ስለ ምክሩ ብዙም አልተናገሩ፤ አንዷን ሞግዚት ጠርተው "እሳት ቢነሳ ስንቱን አቅፈሽ ደረጃውን ትወርጃለሽ?" ብለው ጠየቁ። በሚቀጥለው ወር ሁለት ሞግዚቶች ተቀጠሩ።

ሲስተርን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናገናኛችኋለን። አስቀድመን እንንገራችሁ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰርተፍኬት አይሰጡም፣ ጣፋጭ ንግግርም የላቸውም፣ ካሜራ እንግዛ ወይ ለሚላቸውም መልሳቸው "መጀመሪያ ጄሪካን ግዙ" ነው (እዚህ ላይ ግማሾቻችን አሁንም አንስማማም)። በሥራ ቀን፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል ይመጣሉ። ከመምጣታቸው በፊት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከነቧንቧው፣ መለያው ያልተላጠ በረኪና፣ የፍሪጅ ቴርሞሜትር፣ ሁለት ባለ መስመር ደብተርና የሕፃን ቁመት ያለው አሻንጉሊት አዘጋጁ። አሻንጉሊቱ ጠንካራ ላስቲክ ይሁን፤ የኛ የጨርቅ ስለነበር በሁለተኛው ቀን ተቀደደ።