ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ይህን አናጢ እወቁልኝ

ደብረ ብርሃን ለምትኖሩ፣ እዚያ እናት አባት ላላችሁም ነው የምጽፈው። ኮርኒስ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቶ ቤታችሁ ከሸተተ፣ ከማንም በፊት ጠባሴ አካባቢ የሚሠራውን አንድ ወጣት አናጢ ጥሩት። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ አደራ ብሎኛል። «ድመት ቀባሪው የሚል ስም ይወጣልኝና ቁም ሣጥን የሚያሠራኝ አጣለሁ» ነው ያለኝ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።

እማዬ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ቤት ማጽዳት ነው ብል አላጋነንኩም። እና የእሷ ቤት ሸተተ! መጀመሪያ ክዳኑ ሳይነሳ የተረሳ የጎመን ድስት ይመስል ነበር። ቆይቶ ግን በር ላይ የሚቀበል ክርፋት ሆነ። ዕጣን ብታጨስበት ጭራሽ ባሰበት። ክፈቺና ይናፈስ እንዳይባል ደግሞ ጥር ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ በጥር መስኮት ከፍቶ የሚያድር ማን አለ?

ጎረቤት ቡና መጥራት አቆመች። ይባስ ብሎ ጥር 7 የሥላሴ ማኅበር ተራዋ ነበር። ጠላው ተጠንስሷል፣ ቤቱ ይገማል። ስልክ ላይ ስታለቅስ ሰምቼ ከአዲስ አበባ ሮጥኩ።

ከዚያ በፊት የመጡትን ሰዎች ስም አልጠራም፤ እግዜር ይይላቸው። አንዱ «ሽንት ቤቱ ነው» ብሎ ግቢውን ቆፈረ። ቀብዱን ተቀብሎ ጉድጓዱን እንደተከፈተ ጥሎት ሄደ። ሌላው መርጫ በጀርባው አዝሎ መጣና ቤቱን ከአልጋ እስከ ጓዳ ረጨው። «ነገ ትገላገላላችሁ» አለ። በማግስቱ ግማቱም መድኃኒቱም አንድ ላይ ሸተቱን። ሲደወልለት ስብሰባ ላይ ነው። የምን ስብሰባ እንደሆነ እንጃ። ሦስተኛው የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ ቦጫጭቆ ምንም ሲያጣ፣ እናቴን «ምናልባት ለእርስዎ ብቻ ይሆናል የሚሸትዎት» አላት። ይህችን አልረሳለትም።

አናጢው የተጠራው የተቦጫጨቀውን ኮርኒስ እንዲጠግን ብቻ ነበር። ሲገባ አፍንጫውን አልያዘም። እስከዚያ ቀን የገባ ሰው ሁሉ በነጠላውም በእጁም ሲሸፍን እናቴ አንገቷን ትደፋ ነበር። እሱ «እንደምን ዋሉ እማማ» ብሎ መሰላሉን አቆመና ቁጭ አለ። ቡና ስታቀርብለትም ጠጣ። በዚያ ቤት ውስጥ! እኔ ራሴ ከገባሁ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። እማዬ ቀና ብላ ስታየው እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ መጋረጃውን ዘጋ፣ መብራት አጠፋ፣ ዝም ብሎ ቆመ። አንዲት አረንጓዴ ዝንብ ከሳሎኑ አምፖል ሥር ስትወጣ በዓይኑ ተከተላት። በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ቆርቆር፣ ቆርቆር እያደረገ ወደ ጓዳው ግድግዳ ሄደ። «እንጀራ የሚጋገረው ከዚህ ጀርባ ነው አይደል? በዚህ ብርድ የታመመ እንስሳ ሙቀት ነው የሚፈልገው» አለ። እውነትም ችፑዱ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ቡናማ ነጠብጣብ ነበረች። ስንት ሰው በሥሯ አልፏል!

«እማማ፣ አንዴ ውጭ ይሁኑልኝ» ብሎ እሷን አስወጣ። አንድ ችፑድ ብቻ፣ ምስማሩን እየለቀመ አወረደ። የጎረቤት ድመት ናት። ሰፈሩ የአይጥ መርዝ ያስቀምጣል፣ መርዝ የበላች አይጥ በልታ ይሆናል። በጓንት አንስቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ጅብ እንዳያወጣት ከአጥሩ ጀርባ ጥልቅ አድርጎ ቀበራት። ልጠርግ መጥረጊያ ሳነሳ «ደረቁን አይነካም፣ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም» ብሎ ቀማኝ። የሆነ ነገር በጥብጦ አራሰው። በረኪና መሆኑን ከሽታው አውቄያለሁ፣ ሌላውን አላውቅም። ድመቷ የገባችበትን ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ደፈነ፣ የዚያኛውን ሰውዬ ጉድም ጠገነ።

ሒሳብ ስንጠይቀው ለኮርኒስ ጥገናው የተስማማነውን ብቻ ተቀበለ። ጨምሬ ብሰጠው መልሶ ኪሴ ከተተው። የተቀበለው ባለመርጫው ከወሰደው ግማሹ እንኳ አይሆንም። እማዬ «ቁርጥማት አይንካህ» እያለች እስከ በር ሸኘችው። የጥር ሥላሴ ዕለትም ጠርታው መጥቶ ጠላውን ጠጥቷል። ሰዎቹ ቤቱን ሞልተው ነበር።

እባካችሁ ይህን ልጅ ሥራ አታስፈቱት። የቤት ዕቃም ይሠራል፤ ለኮርኒስ ሽታ ብቻ አትጥሩት። ጫጫና ደብረ ሲና ድረስም እሄዳለሁ ብሏል፣ ትራንስፖርቱን ግን ቻሉለት። ከሰዓት በኋላ ደውሉ፤ ጠዋት መሰላል ላይ ስለሚሆን ስልክ አያነሳም።